ከሁለቱ ክኒኖች የትኛው?

የፊዚክስ መምህር ሆኖ ‹‹ዶክተር›› የሚል ማዕረግ ለተሸከመ ሰው ፒያሳ ምቹ ሠፈር አይደለችም። ከአራት ኪሎ ወጥቼ ወደ ጊዮርጊስ ባቀናሁ ቁጥር በልጅነቴ የሚያውቁኝ ሰዎች አስቁመው ስለ ደም ግፊታቸው፣ ስለ ጨጓራቸው፣ ስለ ልጃቸው ሳል ይጠይቁኛል። የእኔ ዶክትሬት ስለ ቁስ አካልና ስለ ብርሃን ጠባይ እንጂ ስለ ሰው ገላ እንዳልሆነ ብናገርም፣ ‹‹ያው መማር ነው›› ከሚል መልስ በቀር ያተረፍኩት የለም። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ አንድ ልማድ አወጣሁ፤ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ‹‹ሐኪምዎን ይጠይቁ›› ብዬ ማለፍ። ይህ ልማድ ያልሠራልኝ አንድ ቀን ነበር፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እርሱ ነው።

አክስቴ ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን አጋምሷል። ዶሮ ማነቂያ ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ልጆች አሳድገው፣ በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲነሣ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ይሁን እንጂ ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ አይቀሩም፤ መድኃኒትም ከፒያሳ ካልገዙ የገዙ አይመስላቸውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጡት ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ታሞክሲፈን የተባለውን ክኒን በየቀኑ እንዲወስዱ ታዝዞላቸዋል። ባለፈው ዓመት ከወሩ 23 ባንዱ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ሳለ ከፌስታላቸው ሁለት ፓኬት ክኒን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንደኛው ታሞክሲፈኑ ነው። ሌላው ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። አክስቴ ግን ስኳር የለባቸውም።

‹‹ልጄ፣ ሁለቱን ለመግዛት አቅሜ አልቻለም፤ የሚሻለውን ምረጥልኝ። ይኸኛው ርካሽ ነው፤ ደግሞ ካንሰርን ይከላከላል ያልከኝ አንተው ነህ›› አሉኝ።

በእርግጥም ብያለሁ። የ2002 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ከውጭ አገር ከተመለስኩ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኛል፤ ማዕዱን የከበበው ዘመድ ሁሉ ከአፌ የሚወጣውን ይጠብቃል። የአክስቴ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ከምግብ ጋር ክኒናቸውን ሲውጡ አየሁ። በዚያው ሰሞን ያነበብኩት ትዝ አለኝና፣ ‹‹ጋሼ፣ ይህ የሚውጡት ክኒን እኮ ካንሰርንም ይከላከላል›› አልኩ። ሁሉም ተደነቀ። እኔም ደስ አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር በፌስታል ተጠቅልሎ መጣልኝ።

በዚያ ዕለት የተናገርኩት ከመሬት የተነሣ ወሬ አልነበረም፤ በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች የወጣ ነው። ጥፋቴ ገና ጥያቄ የነበረውን ነገር መልስ አድርጌ ማቅረቤ ነው። ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁና፣ ጥያቄው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ላንባብያን፣ ይልቁንም ለተማሪዎቻችን፣ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ሜትፎርሚን ረጅም የትውልድ ሐረግ ያለው መድኃኒት ነው። አውሮጳውያን በባህላዊ ሕክምናቸው ለዘመናት ሲገለገሉበት በኖሩት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ በሚባል ተክል ውስጥ በደም ያለውን ስኳር የሚቀንስ ንጥረ ነገር አለ። የዚህ ንጥረ ነገር የሥጋ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. በ1922 በደብሊን ከተማ ቨርነርና ቤል በተባሉ ኬሚስቶች ተሠራ። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ ከከተማችን የመጀመሪያ መድኃኒት ቤቶች አንዱን ከከፈቱ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አዲሱ ሞለኪውል ግን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ብዙም አስታዋሽ ሳያገኝ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በሕሙማን ላይ ሞክሮ ያገኘውን ውጤት አሳተመና ‹‹ግሉኮፋጅ›› የሚል ስም አወጣለት፤ ‹‹ስኳር በል›› እንደማለት ነው። አሜሪካውያን የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት ለየትኛውም አገር መሠረታዊ ናቸው ከሚላቸው መድኃኒቶች ጋር ይቆጠራል። ዋና ሥራው ጉበት ያለልክ ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ መግታት ሲሆን፣ ይህንንም ሥራውን በሚገባ እንደሚሠራ ማንም አይከራከርም።

ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና በሰፊው መነገር የጀመረው ከስኮትላንድ ነው። በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። በሕዋስ ውስጥ ነዳጅ ሲያንስ ‹‹ቆጥቡ›› የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይም አለ። ይህን ኢንዛይም የሚቀሰቅሰው ኤልኬቢ1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። ኤልኬቢ1 ደግሞ ለካንሰር ተመራማሪዎች አዲስ አልነበረም፤ የተበላሸ ቅጂውን ከወላጅ የወረሱ ሰዎች ለልዩ ልዩ ካንሰሮች የተጋለጡ ናቸው። ሜትፎርሚንም ኤኤምፒኬን እንደሚቀሰቅስ ከሁለት ዓመት በፊት ታይቷል። እንግዲህ ክሮቹ ተገናኙ፤ መድኃኒቱ የሚነካው መስመርና ካንሰርን የሚገታው መስመር አንድ ከሆነ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን በካንሰር የሚያዙት አንሰው ይሆን?

ጥያቄውን ለመመለስ አዲስ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። በአካባቢያቸው እያንዳንዱ ታካሚ ባለ አሥር አኃዝ መለያ ቁጥር ስላለው፣ የተጻፈለት መድኃኒትና የተገኘበት በሽታ በዚያው ቁጥር ይገናኛል። መዛግብቱን አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ባጭሩ፣ በ2009 ደግሞ ሰፋ አድርገው ውጤታቸውን አወጡ። ሜትፎርሚን ከሚወስዱ 4,085 ሕሙማን መካከል ካንሰር የተገኘባቸው ከመቶ 7.3 ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሕሙማን መካከል ግን ከመቶ 11.6 ሆኑ። ከሲሶ በላይ ቅናሽ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከሂውስተን ስለ 2,529 የጡት ካንሰር ሕሙማን ሌላ ዘገባ ወጣ፤ ከቀዶ ሕክምና በፊት በተሰጠ ኬሞቴራፒ ዕጢያቸው ፈጽሞ የጠፋላቸው፣ ሜትፎርሚን ከሚወስዱት የስኳር ሕሙማን ከመቶ 24፣ ከማይወስዱት የስኳር ሕሙማን ግን ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። ይህን ያነበበ ወጣት መምህር በፋሲካ ማዕድ ላይ ምላሱ ቢፈታ እጅግ ይፈረድበታልን?

ከዚህ ላይ ተማሪዎች እርሳስና ወረቀት እንዲያነሡ እለምናለሁ፤ ቀጥሎ ያለው ከሕክምና ይልቅ ለእኛ ሙያ የቀረበ ነውና።

ሜትፎርሚን በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ የሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት መግታቱ በብዙ ቦታ ተደጋግሞ ታይቷል። ጥያቄው ‹‹በምን ያህል መጠን?›› የሚለው ነው። የመድኃኒቱ የሞል ክብደት 129 ግራም ነው። የታዘዘለትን መጠን በሚወስድ ሰው በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ሲካፈል ከ8 እስከ 15 ማይክሮሞል ይሆናል። በሳሕኑ ላይ የሚፈስሰው ግን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሞል ነው። አካፍላችሁ እዩት፤ ልዩነቱ ከ300 እጥፍ ይጀምርና ከ1,000 ያልፋል። በዚህ መጠን እንኳን ካንሰር፣ ብዙ ሕያው ነገር ይዳከማል።

የመድኃኒቱ ደጋፊዎች ለዚህ ያማረ መልስ አላቸው። ሜትፎርሚን በሰውነት ውስጥ አዎንታዊ ሙል ይይዛል። የሕዋስ ኃይል ማመንጫ የሆነው የማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ከውጭው ይልቅ እስከ 180 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። የኔርንስትን ቀመር የተማረ ሰው እንደሚያስታውሰው በሰው ገላ ሙቀት እያንዳንዱ 61 ሚሊቮልት የአሥር እጥፍ ክምችት ይስባል፤ 180 ሚሊቮልት እንግዲህ ከ800 እጥፍ በላይ ሊስብ ይችላል። በደም ውስጥ ጥቂት የሆነው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ብዙ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ክርክር መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ እንደ ፊዚክስ ሰው እጅግ ወደድኩት። ኋላ ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ በሳሕኑ ላይ ያሉትም ሕዋሳት ያው ማይቶኮንድሪያ፣ ያው ቮልቴጅ አላቸው። መስሕቡ ለሁለቱም እኩል ከሠራ በደምና በሳሕን መካከል ያለው ልዩነት እንደነበረ ይቀራል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ውኃ ወዳድ ስለሆነ የሕዋስን ስባማ ሽፋን ራሱን ችሎ በቀላሉ አያልፍም፤ በር የሚሆኑት ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል። የጉበት ሕዋሳት እነዚህ በሮች ሞልተዋቸዋል፤ የስኳር መድኃኒት ሆኖ የተሳካለትም አንድም ስለዚህ ነው። ዕጢ ግን ከዕጢ ይለያያል፤ ብዙዎቹ በሩ ጠበብ ያለ ነው።

በተዘዋዋሪ መንገድ ሊሠራ ይችላል የሚል ሌላ ሐሳብም አለ። ሜትፎርሚን በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ስለሚቀንስና ኢንሱሊን ለአንዳንድ ዕጢዎች የእድገት ምልክት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ዕጢው ዘንድ ሳይደርስ ምግቡን ያሳንሰዋል የሚል ነው። ይህኛው ሐሳብ ክብር የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የተጋነነ መጠን አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ሐሳብ ምንም ያህል ቢያምር መፈተን አለበት።

ወደ መዛግብቱ እንመለስ። አንድ ሰው በአራዳ ዞሮ ‹‹የእድር ዳኝነት ዕድሜን ያረዝማል›› የሚል ጥናት አቀረበ እንበል። ዳኛ የነበሩትንና ዳኛ ሆነው የማያውቁትን ለይቶ፣ ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ የኖሩትን ዘመን ቆጥሮ፣ ዳኞቹ በአማካይ በብዙ ዓመት ብልጫ እንዳላቸው በሰንጠረዥ ያሳየናል። አሐዙ ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን ከንቱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዳኛ የሚሆን የለም። በሠላሳውም በአርባውም የሞተ ሁሉ ‹‹ዳኛ ካልነበሩት›› መዝገብ ይገባል። ዳኛው ከመመረጡ በፊት የኖራቸው ሠላሳ ዓመታት ሊሞትባቸው የማይችል ዓመታት ናቸው፤ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ዳኛ ተብሎ አይመዘገብም ነበርና። እነዚያን ዓመታት ለዳኝነቱ ጉልበት መቁጠር ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሱዊሳና አዙሌ፣ የሜትፎርሚንን ተስፋ ካሰፉት ጥናቶች ብዙዎቹ ይህንኑ ዓይነት የጊዜ አቆጣጠር ስሕተት እንደያዙ አሳዩ። መድኃኒቱን ‹‹ወሳጅ›› ተብሎ ለመመዝገብ ሰውየው የመጀመሪያው ክኒን እስኪታዘዝለት ድረስ ካንሰር ሳይገኝበት መቆየት አለበት፤ ያ የቆይታ ጊዜ ለክኒኑ ተቆጠረለት። ይህን ስሕተት የተጠነቀቁት ጥናቶች ውጤታቸው ወደ ምንም የቀረበ ነበር። ሌላም እንከን ነበር። ሜትፎርሚን በመጀመሪያ የሚታዘዘው ኩላሊቱ ደህና ለሆነ፣ በሽታው ገና ላልጠናበት ሰው ነው። ከእርሱ ጋር የተነጻጸረው ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የጀመረ፣ በሕመሙ የከረመ ሰው ነው። ሯጭና አንካሳ አወዳድሮ ጫማውን ማመስገን ይመስላል።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚቆርጠው ዕጣ ነው። በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ለሌላው መልኩ ያንኑ የመሰለ ባዶ ክኒን መስጠት፤ ሐኪሙም ታካሚውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ዓመታት መጠበቅ። በቶሮንቶዋ ሐኪም በፓሜላ ጉድዊን የተመራው ታላቁ ሙከራ ሕሙማንን መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ እኔ በማዕዱ ላይ መልሱን በተናገርኩበት ዓመት እነርሱ ጥያቄውን መጠየቅ ጀመሩ። በአራት አገሮች ስኳር የሌለባቸው 3,649 የጡት ካንሰር ሕሙማን ተመዘገቡ። ግማሾቹ ከመደበኛው ሕክምናቸው በተጨማሪ 850 ሚሊግራም ሜትፎርሚን በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ዓመት እንዲወስዱ ተደረገ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ዕጢያቸው ሆርሞን ተቀባይ በሆነው፣ ማለትም እንደ አክስቴ ታሞክሲፈን ወይም መሰሉ ከሚታዘዝላቸው ሕሙማን መካከል፣ በየ100 የክትትል ዓመት ካንሰሩ የተመለሰባቸው፣ አዲስ ካንሰር የያዛቸው ወይም የሞቱት፣ ሜትፎርሚን ከወሰዱት 2.78፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 2.74 ሆኑ። ይህን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሰው፣ ሚሊዮኖች ክኒኖች፤ ልዩነቱ ከነጥብ በኋላ በሁለተኛው አኃዝ ላይ የታየ፣ እርሱም ለመድኃኒቱ የማያደላ። በሳንባ ካንሰር ላይ የተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተሙ ሁለት ሙከራዎችም ጥቅም አላገኙም፤ እንዲያውም በአንደኛው መድኃኒቱን የወሰዱት ወገኖች የባሰ ሆነው ታዩ።

በሩ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ይህንንም መሸፈን ሌላ ስሕተት ይሆናል። በዚያው በጉድዊን ሙከራ ውስጥ ሄር2 የተባለው ፕሮቲን በዕጢያቸው ላይ የበዛባቸው 620 ያህል ሕሙማን የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ ሆኖም ይህ ከዋናው ጥያቄ ውጭ በጎን የታየ ስለሆነ ራሱን የቻለ ሙከራ ካልተደረገለት ፍንጭ ከመሆን አያልፍም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አነስተኛ ሙከራ፣ በቀን 250 ሚሊግራም ብቻ የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ በትልቁ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ሊሆን የሚችል እባጭ የተገኘባቸው ከመቶ 30.6 ሲሆኑ ባዶውን የወሰዱት 51.6 ነበሩ። በብሪታንያና በስዊዘርላንድ 1,874 የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን የተካፈሉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዘገብ፣ ሜትፎርሚን የተጨመረላቸው መካከለኛ የኑሮ ዘመን 67.4 ወር፣ ያልተጨመረላቸው 61.8 ወር ሆነ። ልዩነቱ ለጆሮ ደስ ቢልም ከአጋጣሚ የማይለይ መሆኑን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። የሆርሞን ሕክምናው የሚያስከትለውን ውፍረትና የስኳር መዛባት ግን መድኃኒቱ ቀንሶላቸዋል። የስኳር መድኃኒት የስኳር መድኃኒትነቱን አስመሰከረ ማለት ነው።

በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሌላው ክኒንስ? ታሞክሲፈን እንዲሁ በዕጣ በተከፈሉ በብዙ ሺህ በሚቆጠሩ ሴቶች ላይ ተፈትኗል። ሆርሞን ተቀባይ ለሆነ ዕጢ ለአምስት ዓመት ሲወሰድ ካንሰሩ የመመለሱን ዕድል ወደ ግማሽ ያቃርበዋል፤ በበሽታው የሚሞቱትንም ቁጥር በሲሶ ያህል ይቀንሳል። አክስቴ ሊተዉት ያሰቡት ይህን ነበር።

ሰው ለምን ወደ ርካሹ ተስፋ እንደሚያዘነብል ለመረዳት ከማዘጋጃ ቤቱ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል መራመድ ይበቃል። ከታች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው እዚያ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ማዕዘን የመጣ ሕመምተኛ ተራውን ለወራት ይጠብቅ ነበር። የጨረሩ ምንጭ ኮባልት 60 ነበር። ይህ ንጥረ ነገር በየ5.27 ዓመቱ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ምንጩ በጊዜው ካልተለወጠ ለአንድ ሕመምተኛ ሁለት ደቂቃ ይበቃ የነበረው ጨረር አራት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሰልፉም እየረዘመ ይሄዳል። ለተማሪዎቼ ግማሽ ዕድሜን ሳስተምር ይህንን ምሳሌ እሰጣለሁ፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዛሬ አዳዲስ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ በክልል ከተሞችም ማዕከላት መከፈት ጀምረዋል። ነገር ግን ያን ሰልፍ ያየ ሰው፣ በጥቂት ብር በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ክኒን ካንሰርን ያድናል ሲባል ባይጠራጠር አልፈርድበትም። የምፈርደው ሳያጣራ በሚናገረው ላይ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ ነበርኩ።

ደግሞስ ‹‹ባይጠቅምም አይጎዳም›› የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አያዋጣም። ሜትፎርሚን ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ከካንሰር መድኃኒቶች ደግሞ፣ ለምሳሌ ሲስፕላቲን፣ ኩላሊትን የሚጎዱ አሉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሜትፎርሚን ሲወስድ በደሙ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ያሳንሳል፤ መጀመሪያ ላይም ብዙውን ሰው ሆዱን ያስቀምጠዋል። በኬሞቴራፒ የከሳን ሰው ተቅማጥ መጨመር ምኑ ነው ጥቅሙ?

አንድ ነገር ደግሞ ይከነክነኛል። ዳንዲዎች ጥያቄውን ለማንሣት የቻሉት፣ ሞንትሪያሎችም ስሕተቱን ለመንቀስ የበቁት በመዝገብ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥቁር አንበሳ ላይ ተጀምሯል፤ በከተማችን ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ቀዳሚ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ተከታይ መሆኑን በአኃዝ ያወቅነው ከእርሱ ነው። የስኳር ሕሙማን ካርድ በየክሊኒኩ አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ ቁጥር ግን የለም። ‹‹አልማዝ ከበደ›› የተባሉ ሁለት መቶ ሴቶች ቢኖሩ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ማን ይለያል? የአያት ስም በአንዱ ካርድ ተጽፎ በሌላው ቀርቷል፤ ዕድሜ በግምት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም አንዴ በእኛ አንዴ በፈረንጆቹ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ይህን ችግር ሊያቃልል ይችል ይሆናል፤ የሕሙማንን ምሥጢር የሚጠብቅ ሥርዓት አብሮት ከተዘረጋ። በአራት ኪሎ ስታቲስቲክስና ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ ልጆቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከባሕር ማዶ የመጣ ዝግጁ አኃዝ ሲያሽከረክሩ ሳይ፣ በእግር በሚደረስበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ የተቆለለው ወረቀት ይታየኛል።

ወደ ቡናው ጠረጴዛ ልመለስ። ለአክስቴ ስለ ኔርንስት ቀመር አልነገርኳቸውም። ‹‹እትዬ፣ ያን ቀን የነገርኩዎት ገና ያልተጣራ ነገር ነበር። ኋላ ተጣራ፤ ለእርስዎ ዓይነት ሕመም ምንም አልጨመረም። ታሞክሲፈኑን ግን እንዳይተዉት›› አልኳቸው። ዝም ብለው ሲመለከቱኝ ቆዩና፣ ‹‹ታዲያ ባሌ ሃያ ዓመት ወስዶት ካንሰር ያልነካው ለምንድን ነው?›› ሲሉ ጠየቁ። ካልወሰዱትም ብዙዎቹን እንደማይነካ ተናገርኩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት መርካት አልነበረም።

በሳምንቱ አብሬያቸው ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ ያልኩትን ካረጋገጡ በኋላ፣ ታሞክሲፈኑ ሳይቋረጥ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝበትን መንገድ አመለከቱን። እኔ ይህን መንገድ አላውቀውም ነበር፤ ከሁለታችን ቁም ነገር የነገረቻቸው እርሷ ናት።

ስንወጣ አክስቴ ቆም ብለው፣ ‹‹ያን የፋሲካ ለት እኔ ብቻ አልነበርኩም የሰማሁህ›› አሉኝ። ማዕዱ ላይ አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። እርሳቸው እየጠሩልኝ ስማቸውን ጻፍኩ። ሦስቱ ዐርፈዋል፤ ሁለቱ ከአገር ወጥተዋል፤ አንዷ ስኳር ይዟት ሜትፎርሚኑን በሐኪም ትእዛዝ ትወስዳለች፤ እርሷ ትቀጥል። ከቀሩት እስካሁን አራቱን በስልክ አግኝቻለሁ።